ከ«ራጅ» እስከ «ጨረራ»፦ የአንድ የሐኪም ቤት ቃል ታሪክ

ከእንጦጦ ተራራ ቁልቁል ወደ ጉለሌ የሚወርድ መንገደኛ የሕክምና ቃላታችንን ታሪክ በእግሩ ይሄድበታል ብንል ማጋነን አይሆንም። ላይ፣ በእንጦጦ ማርያምና በኪዳነ ምሕረት ደጅ፣ የሕመምና የፈውስ ቃላት የቤተ ክርስቲያን ናቸው፤ ሰው «ጠበል ይጠመቃል»፣ «ሱባዔ ይገባል»፣ ደዌው «ይለቀዋል»። ከተራራው ግርጌ ስሙን ከአንድ ፈረንሳዊ ሊቅ የወሰደ «ፓስተር» የሚባል ሰፈር አለ፤ በዚያ የነበረው የፓስተር ተቋም ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ሆኗል፤ የሰፈሩ ስም ግን አልተለወጠም። በዚያው አካባቢ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ይገኛል፤ በኢትዮጵያ ሚሌኒየም፣ በ2000 ዓ.ም.፣ የሕክምና ትምህርት ተጀምሮበት ሐኪሞችን ያሠለጥናል። እዚያ፣ እንደ ሌላውም ሐኪም ቤት ሁሉ፣ በየደቂቃው ከሚሰሙት ቃላት አንዱ «ራጅ» ነው። የዚህ ጽሑፍ ርእስ ይኸው ቃልና በዙሪያው የተሰበሰቡት ስያሜዎች ናቸው።

የቃሉን ታሪክ ከነገሩ ታሪክ እንጀምር። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ቪልሄልም ኮንራት ሮንትገን ሥጋን አልፎ አጥንትን የሚያሳየውን ጨረር በቩርትስቡርግ ያገኘው ኖቬምበር 8 ቀን 1895 እ.ኤ.አ. ነው። ይህን ቀን ወደ እኛ አቆጣጠር ብንመልሰው ጥቅምት 29 ቀን 1888 ዓ.ም. ይሆናል። ስለሆነም አውሮፓውያን በሁለት የተለያዩ ዓመታት የሚጽፏቸው ሁለት ታሪኮች፣ ማለትም የሮንትገን ግኝትና የዐድዋ ድል፣ በእኛ ዘንድ በአንድ ዓመተ ምሕረት ይውላሉ፤ በመካከላቸውም አራት ወር እንኳ አይሞላም። ነገሩ የቀን መቁጠሪያ አጋጣሚ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላነሣነውም ነበር። ነገር ግን በዚያው ዓመት፣ በሜይ ወር 1896 እ.ኤ.አ.፣ ከኢትዮጵያ ዘመቻ ቆስለው የተመለሱ ሁለት የጣልያን ወታደሮች በኔፕልስ ወታደራዊ ሆስፒታል በአዲሱ ጨረር ተመርምረዋል። መርማሪው ሌተና ኮሎኔል ጁዜፔ አልቫሮ ሲሆን፣ የተፈለገውም በክንዳቸው ውስጥ የቀረው ጥይት ያለበት ስፍራ ነበር። ጨረሩ በጦርነት ለቆሰለ ወታደር ሲያገለግል ይህ የመጀመሪያው እንደ ሆነ የወታደራዊ ሕክምና ታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ስለዚህ የራጅ ታሪክ ከአገራችን ታሪክ ጋር የተገናኘው መሣሪያው ወደ እኛ ሳይመጣ ነው፤ የተገናኘበትም ቋንቋ ጣልያንኛ ነበር።

ሮንትገን ጨረሩን «ኤክስ» ብሎ የሰየመው ምንነቱ ስላልታወቀ ነው፤ በሒሳብ ያልታወቀው ቁጥር በዚህ ፊደል ይመለከታልና። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ቋንቋ በየመንገዱ ሄደ። ጀርመኖች፣ ሩሲያውያንና ቱርኮች በሊቁ ስም ጠሩት። እንግሊዞች የፊደሉን ስም ያዙ። ዐረቦች «አሺዓ» ሲሉ «ጨረሮች» ማለታቸው ነው። ጣልያኖች ደግሞ «ራጂ ኢክስ» አሉ። ከዐድዋ ድል በኋላ ወደ አዲስ አበባ የመጣውና ለዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል መሠረት የሆነው የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን «ሬንትጌን» የሚለውን ቃል ሊያለምደን ይችል ነበር ብሎ የሚያስብ ይኖር ይሆናል። አማርኛ ግን ፊደሉን «ኢክስ»ንም የሊቁንም ስም ትቶ «ራጂ»ን ብቻ ወሰደ።

የቃሉ ቅርጽ ምንጩን በግልጽ ይመሰክራል። በጣልያንኛ «ራጂ» የ«ራጆ» ብዙ ቁጥር ነው። አማርኛ ብዙውን እንደ ነጠላ ተቀብሎ «ሁለት ራጅ»፣ ሲያስፈልገውም «ራጆች» ይላል፤ በብዙ ቁጥር ላይ ብዙ ቁጥር መጨመሩ ነው። የመጨረሻው አናባቢ መውደቁም ከሌሎቹ የጣልያንኛ ውሰቶች ልማድ የወጣ አይደለም፤ «ፍሬኖ» ፍሬን፣ «ቡሎኔ» ቡሎን፣ «ኮፋኖ» ኮፈን እንደ ሆኑ «ራጂ»ም ራጅ ሆኗል። በራብዕ ድምፅ የሚጨርሱት ግን፣ እንደ ጎማና እንደ ፒንሳ ያሉት፣ አናባቢያቸውን ይዘው ቀርተዋል። («ካቻቢቴ» ይህን ልማድ አፍርሶ በኃምስ መጨረሱን የጋራዥ ሰዎች ይጠየቁበት።) ጎረቤቶቻችንም ከዚያው ምንጭ ቀድተዋል፤ ትግርኛ «ራጂ»፣ ሶማልኛ «ራጆ» ይላል። ቃሉን ከግእዙ «ርእየ» ወይም ትንቢትና ተአምር ማለት ከሆነው ከኦሮምኛው «ራጂ» ለማውጣት የሚቃጣው ሰው ቢኖር፣ የድምፅ መመሳሰል ብቻውን የዝምድና ማስረጃ እንደማይሆን ማስታወሱ ይበቃል። አብርሃም ደሞዝ በአንድ የአማርኛ ዕለታዊ ጋዜጣ ውስጥ ስለሚገኙ የአውሮፓ ውሰት ቃላት በ1963 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ፈር ቀዳጅ ነው፤ ይሁንና የጋዜጣ ጥናት የሚይዘው በዓይን የታየውን ነው፤ «ራጅ» ደግሞ እንደ ፍሬንና እንደ ጎማ ሁሉ በጆሮ የገባ ቃል ነው።

ከስሙ ይበልጥ የሚያስተምረን ግሡ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ራጅ «ይነሣል»፤ ባለሙያውም ራጅ «ያነሣል»፤ ስሙም «ራጅ አንሺ» ነው። ግሡ የመጣው «ፎቶግራፍ ተነሣ» ከሚለው አነጋገር ነው። ሕዝቡ «ራጅ ተመታ» ወይም «ራጅ በራለት» አላለም። ቃሉ በምንጩ ቋንቋ ጨረር ማለት ሆኖ ሳለ፣ ተናጋሪው ነገሩን ከጨረር ወገን አውጥቶ ከሥዕል ወገን መደበው ማለት ነው። ይህም ምደባ ከዚያ በኋላ ለመጡት መሣሪያዎች ሁሉ አገልግሏል፤ ዛሬ ሰው ሲቲ ስካን ይነሣል፣ ኤም አር አይም ይነሣል። አልትራሳውንድን «ታየሁ» የሚሉም «ተነሣሁ» የሚሉም አሉ፤ ምስሉ በመስተዋቱ ላይ ሲንቀሳቀስ ስለሚታይ መለያየታቸው አያስደንቅም። ሳይንሱ ራሱ ኤም አር አይ በመግነጢስና በሬዲዮ ሞገድ፣ አልትራሳውንድ በድምፅ ሞገድ የሚሠሩ መሆናቸውንና ሁለቱም አካልን የሚጎዳ ጨረራ የሌለባቸው መሆኑን ያስተምራል። እንግዲህ «ራዲዮሎጂ» የሚለው የባዕድ ስም በትክክል ሊሸፍናቸው ያልቻለውን ሁሉ «ተነሣ» የሚለው የአገር ግሥ ሸፍኗቸዋል።

የስያሜ ችግሩ የተነሣው ሊቃውንት «ራጅ»ን እንደ ገበያ ቃል ቆጥረው በ«ጨረር» ሊተኩት በሞከሩበት ጊዜ ነው። በመዝገበ ቃላት ገጽ ላይ «ጨረር» ንጹሕ ቃል ነው፤ የፀሐይ ጨረር እንላለን። በሐኪም ቤት ግን ቃሉ ሌላ ታሪክ አለው። ለብዙ ዓመታት በአገራችን ነቀርሳን በጨረር የሚያክም ማእከል በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ያለው ብቻ ነበር፤ ከየክፍለ አገሩ የተላከ ሕመምተኛ ሁሉ «ጨረር ሊወስድ» ወደዚያ ይመጣ ነበር። ስለዚህ በሕዝቡ ዘንድ «ጨረር» የምርመራ ስም መሆኑ ቀርቶ የሕክምና፣ ያውም የነቀርሳ ሕክምና፣ ስም ሆነ። በአንድ ሆስፒታል ራጅ ክፍል ደጃፍ ቁጭ ብለን የሰማነውን ንግግር እንዳለ እናቅርበው። ነጭ ካፖርት የለበሰ ወጣት ተማሪ አማርኛው እንዲጠራለት ተጠንቅቆ፣

«እማማ፣ ደረትዎን በጨረር ማየት ያስፈልገናል» አላቸው።

አሮጊቷ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። «ነቀርሳ ነው እንዴ ልጄ?»

«የለም እማማ፣ ራጅ ነው። ራጅ ብቻ።»

«አዬ ልጄ፣ ምነው መጀመሪያውኑ ራጅ ብትለኝ!»

ተማሪው ያጠፋው ነገር የለም፤ የተሰጠውን ንጹሕ ቃል ነው የተጠቀመው። እናቲቱ የደነገጡበትን ያህል ጊዜ ግን ማንም አይመልስላቸውም። በሌላ ሆስፒታል፣ በሌላ ቀን፣ እንዲህ የደነገጠ ሰው ምርመራውን ትቶ ወደ ቤቱ ሊመለስ እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

በሕግ ቋንቋ ረገድ ሥራው በተሻለ ጥንቃቄ ተሠርቷል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 571 «የጨረራ መከላከያ አዋጅ» ይባላል። «ጨረር» ብርሃኑን፣ «ጨረራ» ደግሞ ኃይሉን፣ መፍለቁንና መሠራጨቱን እንዲያመለክት በአንድ ፊደል ተለይተዋል። ልዩነቱ ለተራው ሰው ጆሮ ረቂቅ መሆኑን አንክድም፤ የፊደል ስሕተት የሚመስለውም አንባቢ አለ። ይሁንና ለአደጋውና ለመከላከያው ራሱን የቻለ ስም መገኘቱ ተርጓሚውን ከብዙ ጭንቅ ያድነዋል። በበኩላችን ምርመራው «ራጅ»፣ አደጋው «ጨረራ»፣ የነቀርሳው ሕክምና «የጨረር ሕክምና» ተብሎ ቢለይ፣ ሦስቱም ሕዝቡም ሕጉም ባስቀመጣቸው ቦታ ስለሚቀመጡ፣ ሌላ መፈልሰፍ አያስፈልግም እንላለን።

ከዚህ የከፋው «ጥላ» ነው። ተማሪዎች በእንግሊዝኛ ተምረው፣ በእንግሊዝኛ ጽፈው፣ ለሕመምተኛው ግን በአማርኛ መናገር ስላለባቸው በሳንባ ፊልም ላይ ለሚታየው ምልክት «ጥላ» የሚለውን ቃል ይመርጣሉ። በመጀመሪያ፣ ቃሉ ከዓይን ጋር ይጣላል፤ አጥንትና የተቋጠረ ውሃ በፊልም ላይ የሚታዩት ነጭ ሆነው ነው፤ ጥላ ደግሞ በአማርኛ ጥቁር ነው። ፊልሙን ወደ ብርሃን አቅንቶ የሚያይ አስታማሚ ጥቁሩን፣ ማለትም አየር የሞላውን ጤነኛውን ሳንባ፣ በሽታው መስሎት ሊመለስ ይችላል። ሁለተኛ፣ ጥላ በእኛ ባህል ባዶ ቃል አይደለም። «ጥላ ወጊ» የሚፈራ፣ «ጥላ ቢስ» የሚናቅ፣ «ጥላው የከበደ» የሚከበር ነው። «ሳንባዎ ላይ ጥላ አለ» የተባለ ሰው የሰማው የፊልሙን ዜና ብቻ ነው ብሎ የሚያምን ተርጓሚ አገሩን አያውቅም። «ነጭ ምልክት» ወይም፣ ነገሩ ከታወቀ፣ «ውሃ ቋጥሯል»፣ «ጠባሳ አለ» ማለት ምን ይጎድለዋል? እነዚህ ቃላት ከማናቸውም የስያሜ ኮሚቴ በፊት በሐኪም ቤት ኮሪደር የተሠሩ ናቸው።

እነዚህ ሁሉ ቃላት በተማሪው አፍ የሚፈተኑበት ጊዜ አጭር ነው። በሕክምና ትምህርት ቤቶቻችን ራዲዮሎጂ የሚሰጠው በውስጥ ደዌ፣ በቀዶ ሕክምና፣ በሕፃናትና በማሕፀንና ጽንስ ረጃጅም ቆይታዎች መካከል ተሸጉጦ ነው። ከውጭ ዩኒቨርሲቲዎች የሚመጡ ተማሪዎች ደግሞ በራሳቸው ምርጫ ለጥቂት ሳምንታት ይቀመጡበታል። ይህን «ኤሌክቲቭ ሮቴሽን» የሚባለውን ምን እንበለው? «ሽክርክሪት» ማለት መሳቂያ ያደርጋል። «ዙር» እንዳይባል ሐኪሞች ጠዋት ጠዋት አልጋ ላልጋ የሚያደርጉት ጉብኝት «ራውንድ» ስለሆነ ሁለቱ ይጋጫሉ። «ተራ» እንዳይባል «ተረኛ» የሌሊት ሠራተኛ ሆኗል። «የምርጫ ምደባ» የሚል ሐሳብ ሲቀርብ ሰምተናል፤ ሰው የመረጠው ምደባ አይባልም፣ የተመደበበትንም አልመረጠውም። 

ጥያቄውን ለጥቂት ጊዜ ከሆስፒታሉ አውጥተን ወደ ቆሎ ተማሪው ብንወስደው መልሱ የቀለለ ይመስለናል። ድጓን ከቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕትን ከዙር አምባ፣ ቅዳሴን ከደብረ ዓባይ ለማስመስከር የሚዞር ተማሪ መምህሩን ራሱ ይመርጥ ነበር፤ ለመዞሩ ግን የተለየ ስም አላስፈለገውም። «ቅኔ ቤት ገባ» ይባላል፤ ሲጨርስ «ዘለቀ»፣ ሲመረቅ «አስመሰከረ»። የዘመኑም የሕክምና ተማሪ ሳያውቀው ይህንኑ ሰዋስው ይዟል፤ «ሰርጀሪ ገባሁ»፣ «ራዲዮሎጂ ጨረስኩ» ይላል። ለመመሪያና ለምስክር ወረቀት ስም የግድ ካስፈለገ «የምርጫ ቆይታ» ለዚህ ጽሑፍ ያህል ይበቃናል፤ «ቆይታ» ከማንም ቃል ጋር አይጋጭም፣ ጊዜውም የተወሰነ መሆኑን ይናገራል።

የክፍሉ ስም ይቀራል። «ሥነ ጨረር» የሚለው አሰያየም «ሥነ ሕይወት»ን የመሰለ መልካም ቅርጽ አለው፤ ነገር ግን ከላይ እንዳየነው አልትራሳውንዱንና ኤም አር አዩን ውጭ ያስቀራቸዋል፤ አሮጊቷንም እንደገና ያስደነግጣቸዋል። ሕዝቡ «ተነሣ» ብሎ ያስቀመጠውን ምደባ የተከተለ «የምስል ምርመራ ክፍል» የሚል ስም መሣሪያዎቹን ሁሉ ያለ ውሸት ይሰበስባል። «ራዲዮሎጂ» በባለሙያዎች መካከል መኖሩን ይቀጥል፤ አይከለከልም። ዛሬ ግን ደጃፉ ላይ «ራዲዮሎጂ» ተብሎ በትልቅ ፊደል ተጽፎ፣ ወረቀቱን ይዞ የቆመ ሰው «ራጅ ክፍል የት ነው?» ብሎ ዘበኛውን ሲጠይቅ፣ ዘበኛውም ወደዚያው ደጃፍ በእጁ ሲያመለክት በየቀኑ እናያለን።