ቤት ከፋብሪካ ሲወጣ
በአሜሪካ የፋብሪካ ሠራሽ ቤት ታሪክና ለገዢው የሚሰጠው ትምህርት

ቤት ለመሥራት የተነሣ ሰው ከጥንት ጀምሮ ሲከተለው የኖረው መንገድ የታወቀ ነው። ቦታ ይፈልጋል፤ ድንጋይና እንጨት ያሰባስባል፤ ግንበኛና አናጢ ይቀጥራል፤ ከዚያም ዝናቡንና የገበያውን ዋጋ እየተመለከተ ሥራውን ያካሂዳል። በኢንዱስትሪ በበለጸጉ አገሮች ግን ባለፈው ምእተ ዓመት ሌላ መንገድ ተከፈተ። ይኸውም ቤትን እንደ አልጋ ወይም እንደ ቁም ሣጥን በፋብሪካ አሠርቶ መግዛት ነው።

ከሁለቱ መንገዶች የትኛው ይሻላል ተብሎ ሲጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚነጻጸረው የግድግዳው ጥንካሬና የካሬ ሜትሩ ዋጋ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግን ፋብሪካ ሠራሽ ቤት እጅግ የተስፋፋበትን የአሜሪካን ታሪክ በመከተል፣ የቤቱንና የባለቤቱን ዕድል በይበልጥ የወሰኑት ከፋብሪካው በር ውጭ ያሉት ሦስት ነገሮች፣ ማለትም መሬት፣ ብድርና ሕግ መሆናቸውን ማስረዳት ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1906 በሚሺጋን ክፍለ ሀገር፣ ቤይ ሲቲ በምትባለው ከተማ፣ የሶቨሪን ወንድማማቾች አላዲን የተባለውን ኩባንያ አቋቋሙ። ሐሳቡን ያገኙት አካላቸው በልክ ተቆርጦ ለገዢው ይላኩ ከነበሩ ጀልባዎች ነው። በ1908 ደግሞ በካታሎግ ንግድ የታወቀው ሲርስ ሮባክ የቤት ፕላን ከነቁሳቁሱ መሸጥ ጀመረ፤ ቆየት ብሎም እንጨቱን በልክ እየቆረጠና ቁጥር እየጻፈበት ይልክ ነበር። ገዢው ከካታሎጉ የወደደውን መርጦ ሲያዝ፣ እንጨቱ፣ ሚስማሩ፣ ቀለሙ፣ በሩና መስኮቱ በባቡር ፉርጎ ተጭኖ በአቅራቢያው ካለው ጣቢያ ይደርሰዋል። የአንድ ቤት ዕቃ እስከ 30,000 ቁርጥራጭ ሊደርስ ይችል ነበርና የአገጣጠሙን ቅደም ተከተል የሚያስረዳ መጽሐፍ አብሮ ይላክ ነበር።

የዚህ አሠራር ጥቅም ግልጽ ነው። በቦታው ላይ በእጅ መጋዝ ብዙ ቀናት ይወስድ የነበረው የመቁረጥ ሥራ በፋብሪካ መኪና ስለሚከናወን ጊዜና ጉልበት ይቆጠባል፤ የልክ ስሕተትም ይቀንሳል። ይሁን እንጂ ፉርጎው ያላመጣው ነገር ነበር። መሠረቱን መቆፈር፣ ድንጋዩን መካብና ኮንክሪቱን ማፍሰስ በገዢው ትከሻ ላይ የቀረ ሥራ ነበር። በካታሎጉ ላይ የሚታየው ዋጋ ከቤቱ ሙሉ ወጪ እጅግ ያነሰ የነበረውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሲርስ ገበያውን ለማስፋት ሲል ከ1911 ገደማ ጀምሮ ለገዢዎቹ ብድር ይሰጥ ጀመር። በ1929 የጀመረው ታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት በደረሰ ጊዜ ግን ሥራ ያጡ ባለዕዳዎች መክፈል አቃታቸው፤ ኩባንያውም የራሱን ደንበኞች ቤት በሐራጅ ለመሸጥ ተገደደ። በ1934 ወደ 11 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ የቤት ብድር ሒሳብ ዘጋ፤ በ1940 ደግሞ የቤት ሽያጩን ፈጽሞ አቆመ። እስከዚያ ድረስ የሸጣቸው ቤቶች ከ70,000 በላይ እንደሚሆኑ ይገመታል። ከእነዚህም ብዙዎቹ ዛሬ ቆመው ይገኛሉ። ቤቶቹ ጸንተው ሲቆሙ የወደቀው ብድሩ ነበር።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከግንባር ለተመለሱት ወታደሮች መኖሪያ በጠፋ ጊዜ፣ ካርል ስትራንድለንድ የተባለ መሐንዲስ ሉስትሮን የተሰኘውን የብረት ቤት አቀረበ። ግድግዳውም ጣራውም ልክ እንደምናውቀው የኢናሜል ሳሕን የተለበጠ ብረት ስለነበር ቀለም አይሻም፤ አይበሰብስም፤ ምስጥም አይበላውም። መንግሥት 37.5 ሚሊዮን ዶላር አበደረው፤ በኦሃዮ ክፍለ ሀገር በኮሎምበስ ከተማ የነበረ የአውሮፕላን ፋብሪካም ለሥራው ተሰጠው። ሆኖም ከ1948 እስከ 1950 ድረስ የተሠሩት ቤቶች 2,500 ያህል ብቻ ነበሩ። በ7,000 ዶላር ይሸጣል የተባለው ቤት ከ10,000 ዶላር በላይ ወጣ። ሻጩ ወኪል ለቤቱ አስቀድሞ መክፈል ሲገባው፣ ባንኩ ደግሞ በመሬት ላይ ቆሞ ላልታየ ቤት ገንዘብ ለማውጣት ያመነታ ነበር። የየከተማው የሕንፃ ደንብ መለያየትም ተጨማሪ እንቅፋት ሆነ። በ1950 ኩባንያው ከሰረ።

በዚያው ዘመን ሌላ ዓይነት ቤት በዝግታ ያድግ ነበር፤ እርሱም በመኪና የሚጎተተው ተሳቢ ቤት ነው። ለመዝናኛ ተብሎ የተሠራው ይህ ተሳቢ በጦርነቱ ጊዜ ለፋብሪካ ሠራተኞች መጠለያ ሆነ፤ በ1950ዎቹም ወርዱ ከ2.4 ወደ 3 ሜትር ሲሰፋ የቤተሰብ መኖሪያ ለመሆን በቃ። በ1972 ብቻ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተሳቢ ቤቶች ከፋብሪካ ወጡ። ዋጋቸው ዝቅተኛ ቢሆንም በእሳት አደጋና በነፋስ የሚደርሰው ጉዳት እየበዛ በመሄዱ፣ በ1974 የወጣው ሕግ ለመላው አገር አንድ የአሠራር ደረጃ እንዲኖር አዘዘ፤ ደረጃውም ከሰኔ 1976 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። የቤቱ አካል ጥንካሬ፣ የኤሌክትሪክና የቧንቧ መስመሩ በፋብሪካው ውስጥ ይመረመር ጀመር፤ ምርመራውን ያለፈውም የብረት መለያ ይለጠፍበታል።

ሕጉ ታላቅ መሻሻል አምጥቷል። ነገር ግን መርማሪው የሚያየው ቤቱን እንጂ ቤቱ የሚያርፍበትን አፈር አልነበረም። ቀላል ቤት በብርቱ ነፋስ ጊዜ ከስሩ ወደ ላይ የመነሣትና ወደ ጎን የመንሸራተት ኃይል ስለሚገጥመው፣ በአፈር ውስጥ በተተከለ መልሕቅና በብረት ጠፍር መታሰር ይኖርበታል። በነሐሴ 1992 አንድሪው የተባለው ዐውሎ ነፋስ ደቡብ ፍሎሪዳን በመታ ጊዜ እነዚህ ቤቶች እጅግ ከባድ ጉዳት ስለደረሰባቸው፣ በ1994 የነፋስ መቋቋሚያው ደረጃ ከፍ ተደረገ። ቤቱ በቦታው ላይ ስለሚተከልበት ሁኔታ አገር አቀፍ ደረጃ እንዲወጣ የታዘዘው ግን በ2000 በወጣ ሕግ ነው። የፋብሪካው ሥራ ደረጃ ከተበጀለት ከ24 ዓመታት በኋላ መሆኑ ነው።

የመሬቱም ጉዳይ ከዚህ የቀለለ አይደለም። ከእነዚህ ቤቶች ብዙዎቹ የሚቆሙት በኪራይ ቦታ ላይ ስለሆነ፣ ኪራዩ ሲጨምር ወይም ባለመሬቱ ቦታውን ሲሸጥ ባለቤቱ ቤቱን ይዞ የሚሄድበት ያጣል፤ ያረጀ ቤት ጉዞውን ላይችል ይችላልና። ብድሩም ብዙ ጊዜ እንደ መኪና ባለ ተንቀሳቃሽ ንብረት ላይ የሚሰጥ ስለሆነ ወለዱ ይከብዳል፤ የመክፈያው ጊዜም ያጥራል። በአንጻሩ በየክፍሉ በፋብሪካ ተሠርቶ፣ በአካባቢው የሕንፃ ደንብ መሠረት በቋሚ መሠረት ላይ የሚገጣጠም ቤት አለ። ይህኛው በቦታው ከተሠራ ቤት እኩል ሊታይና ከመሬቱ ጋር ሊያዝ ይችላል። በአንድ ዓይነት መዶሻና በአንድ ዓይነት እንጨት የተሠሩ ሁለት ቤቶች በገዢው ሕይወት ውስጥ የተለያየ ዕጣ የሚገጥማቸው በዚህ ምክንያት ነው።

በአገራችን ከ2004 ገደማ ጀምሮ በተስፋፋው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ፣ አስቀድሞ የተመረተ ቢምና ባዶ ብሎኬት ለወለል ሥራ ሲውል፣ መሠረቱና ምሰሶው በቦታው ይሠራ እንደነበር ይታወሳል። ይህም ሁለቱን መንገዶች ያጣመረ አሠራር ነው። በሌላ በኩል በግሉ የሚሠራው ቤተሰብ ዘንድሮ አንድ ክፍል ይሠራል፤ ሲሞላለትም ማእድ ቤቱን ያስከትላል። ፋብሪካ ሠራሽ ቤት ግን በግማሽ አይገዛም፤ ሙሉ ገንዘብ ወይም ሙሉ ብድር ይፈልጋል። ስለዚህ አንድ ቤተሰብ ያጠራቀመውን ሁሉ ይዞ ምክር ሊጠይቀን ሲመጣ፣ የፋብሪካውን ሥዕል ከመመልከታችን አስቀድሞ ልንጠይቀው የሚገባ ነገር አለ። ቤቱ የሚያርፍበት መሬት የማን ነው? ብድሩ በምን ላይ ተይዟል? ቤቱና መሠረቱ በሚገናኙበት ቦታ ላይ ጉድለት ቢገኝ ተጠያቂው ማን ነው? ለሦስቱም መልስ በጽሑፍ ሳይገኝ ውል መፈራረም አይገባም።