ቤት ለእምቦሳ! የአገው ምድር የቀርቀሃ ቤትና ያቆመው ኑሮ

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ወዳጃችን ኮንዶሚኒየም ደርሶት አራተኛ ፎቅ ላይ ካለው አዲስ ቤቱ ቢጠራን፣ ደጃፉ ላይ ቆመን የምንለው የታወቀ ነው፤ «ቤት ለእምቦሳ!» ባለቤቶቹም ከውስጥ ሆነው «እምቦሳ እሰሩ!» ሲሉ ይቀበሉናል። ከዚያ ጫማ ይወልቃል፣ ሶፋው ይመረቃል፣ ቡናው ይፈላል። እምቦሳ ግን ጥጃ ናት። ለመሆኑ አራተኛ ፎቅ ላይ ጥጃ የት ትታሰራለች? ከተጋባዦቹ መካከል ይህን የሚጠይቅ የለም። ቤቱ ከተለወጠ በኋላ እንኳ ምርቃቱ በአፋችን ቀርቷልና።

ይህን ምርቃት የወለደውን ዓይነት ቤት ለማየት ወደ ደጋው ገጠር መውጣት ያሻል። እኛም በዚህ ጽሑፍ አንባቢን ይዘን የምንሄደው ወደ አገው ምድር፣ ከዋናው የባሕር ዳር መንገድ ወጣ ብላ ወደምትገኘው የአንከሻ ከተማ፣ ወደ ግምጃ ቤት ነው። ግምጃ የከበረ የሐር ጨርቅ ነው። ግምጃ ቤት ደግሞ በድሮው አነጋገር የቤተ መንግሥት ወይም የቤተ ክርስቲያን ውድ ዕቃ የሚቀመጥበት ስፍራ ነበር። በዚህ ስም በምትጠራ ከተማ ዙሪያ ስለሚሠራ የቀርቀሃና የሣር ቤት ማውራት ለአንዳንድ ሰው ሀብትን ትቶ ድህነትን እንደማውሳት ሊመስል ይችላል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም።

አስቀድሞ ስለ «ቤት» ቃል ጥቂት እንበል። የአዊ ሕዝብ ራሱን ሲጠራ «ሰባት ቤት አገው» ይላል። አንከሻ፣ ባንጃ፣ አዘና፣ ዚገም፣ ጫራ፣ ኳኩራና መተከል እያለ የሚቆጠረው ይህ ስም፣ በአፈ ታሪክ ከሰባት ወንድማማቾች የተወረሰ ነው ይባላል። እዚህ ላይ ቤት ማለት ግድግዳና ጣራ ሳይሆን ዘር፣ ርስትና ወገን ነው። በአማርኛም ቢሆን ነገሩ ያው ነው፤ «ቤተ ሰብ» ስንል የቤት ሰዎች ማለታችን ነው። ያገባ ሰው «ጎጆ ወጣ» ይባላል፤ ትዳሩ የፈረሰ ደግሞ «ቤቱ ፈረሰ»። ሕንፃውና በውስጡ የሚኖረው ሰው በአንድ ቃል መጠራታቸው በከንቱ አይደለም።

የዚህ ቤት ታሪክ የሚጀምረው ከጓሮ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር ከፍ በሚለው በዚህ ዝናባማ ደጋ የደጋ ቀርቀሃ ይበቅላል። ኢትዮጵያ ሁለት የራሷ የቀርቀሃ ዝርያዎች አሏት። አንዱ ውስጡ ደፋን የሆነው የቆላ ቀርቀሃ ሲሆን፣ ሁለተኛው ውስጡ ባዶ የሆነውና በቁመቱ የሚበልጠው የደጋው ነው። በአዊ ቀርቀሃ የዱር ተክል ብቻ አይደለም፤ ገበሬው ከቤቱ አጠገብ የሚተክለው፣ ለልጁም የሚያወርሰው ሀብት ነው። የሚያብበው በብዙ ዓመት አንድ ጊዜ ስለሆነ ዘሩ ተጠብቆ አይዘለቅም። ስለዚህ ከእናቲቱ ግንድ ሥር ጋር ተቆፍሮ ወደ ሌላ ስፍራ ይተከላል። እንግዲህ አንዱ ጓሮ ያለው ቀርቀሃ ከጎረቤት ወይም ከዘመድ ጓሮ የተካፈለ ነው ማለት ነው።

ቀርቀሃ በክረምት ከመሬት ብቅ ሲል የሚኖረውን ውፍረት ይዞ ይወጣል። ቁመቱንም በጥቂት ወራት ውስጥ ይጨርሳል። ለዓይን ያደገ የሚመስለው የአንድ ዓመት ቀርቀሃ ግን ለቤት አይሆንም፤ ሥጋው ለስላሳ ስለሆነ ነቀዝ ይበላዋል። ሦስት ዓመት ያህል ቆይቶ ሲጠነክር፣ ያውም ውሃው በሚቀንስበት በበጋ ወራት ይቆረጣል። በአንድ ቁጥቋጦ ውስጥ የዘንድሮውን፣ የአምናውንና የካቻምናውን በቀለሙና በድምፁ ለይቶ የሚያውቅ ሰው፣ ያ ዕውቀቱ የተገኘው ከአባቱ ጋር ገጀራ ይዞ ከመዋሉ ነው።

ቤቱ የሚሠራው በደቦ ነው። ክቡ ይለካል፣ ቋሚዎቹ ይተከላሉ፣ መካከሉ ላይ ምሰሶው ይቆማል። ቀርቀሃው ተፈልጦ በቋሚዎቹ መካከል እንደ ቅርጫት ይጠለፋል። ወራጆቹ ከምሰሶው ጫፍ ወደ ግድግዳው ይወርዳሉ፤ በዙሪያቸው ማገሩ ይታሰራል። በላዩም ሣሩ ከታች ወደ ላይ እየተደራረበ ይከደናል። ማያያዣው ልጥ፣ ሐረግ ወይም ራሱ ቀርቀሃው ተሰንጥቆ የሚወጣው ጠፍር ነው። ምስማር የለበትም። የጣራውን ሥራ አንድ ሰው ብቻውን ሊሠራው አይችልም፤ አንዱ ሲይዝ ሌላው ያስራል፣ ሌላው ከታች ያቀብላል። ባለቤቱ ጠላውን ጠምቆ ምግቡን አዘጋጅቶ ያበላል እንጂ የቀን ሒሳብ አይከፍልም። ዕዳው የሚከፈለው ነገ ጎረቤቱ ቤት ሲሠራ ሄዶ በማሰር ነው። ሴቶች ደግሞ ጭቃውን ከጭድ ጋር አቡክተው ይመርጋሉ፤ ወለሉን በእበት ይለቀልቃሉ፤ እህል የሚቀመጥበትን ጎታ ይሠራሉ። ዙሪያውን ያለው አጥርም እንዲሁ ቀርቀሃ ተጠልፎ የሚሠራ ነው።

ወደ ውስጥ እንግባ። ምድጃው እሳቱን ይዟል። በግድግዳው ዙሪያ ከጭቃ የተሠራው መደብ ቀን የእንግዳ መቀመጫ፣ ሌሊት መኝታ ነው። ከላይ ቆጡ ዕቃ ይሸከማል። በወዲያ በኩል ጋጡ አለ፤ ላሚቱና እምቦሳዋ እዚያ ያድራሉ። የምርቃቱ ትርጉም የሚገባን እዚህ ስንቆም ነው። ጥጃ የሚታሰርበት ቤት ማለት ወተትና ቅቤ የማይጠፋበት፣ የሚያርስ በሬ የሚያድግበት ቤት ማለት ነው። ከብቶቹም በበኩላቸው በሌሊቱ ብርድ ቤቱን በትንፋሻቸው ያሞቁታል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ጭሱ ነው። ቤቱ የጭስ መውጫ የለውም። ከምድጃው የሚነሣው ጭስ በሣሩ መካከል ቀስ እያለ ይወጣል። በመንገዱም ቀርቀሃውን፣ ጠፍሩንና ወራጁን በጥቀርሻ ይለብጠዋል። ይህ ጥቀርሻ ነቀዝንና ምስጥን ያርቃል፣ እርጥበቱንም ያደርቃል። ስለዚህ እሳት የሚነድበት የሣር ቤት ዕድሜው ይረዝማል፤ ሰው ትቶት የሄደ ቤት ግን ብዙ ሳይቆይ ይበሰብሳል። ቤቱን የሠራው ደቦው ነው፣ ያቆየው ግን በውስጡ የሚበስለው ወጥ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

እዚህ ላይ የታሪክ ጸሐፊ አንድ ችግር ይገጥመዋል። እ.ኤ.አ. በ1770 ወደ ዓባይ ምንጭ የተጓዘው ስኮትላንዳዊ ጄምስ ብሩስ፣ የአገው ሰዎች በሺህና ከዚያም በላይ እየሆኑ በተራ ወደ ጎንደር እንደሚወርዱ ጽፏል። ቅቤ፣ ማር፣ ሰም፣ ቆዳና ከብት ይዘው ይመጡ ስለነበር ዋና ከተማዋ ከነርሱ ብዙ ታገኝ ነበር። ያ ቅቤ የተናጠው፣ ያ ማር የተጠራቀመው በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ነው። ዛሬ ወደ ጎንደር ብንሄድ ከ1632 እስከ 1667 እ.ኤ.አ. የነገሡት ዐፄ ፋሲል ያሠሩት ግንብ ቆሞ እናገኘዋለን። ግንቡን ይመግብ የነበረው ቤት ግን የለም። ድንጋይ ፍርስራሽ ይተዋል፣ ቀርቀሃ አይተውም። የገበሬው ቤት መዝገብ ያለው በመሬት ውስጥ ሳይሆን በሰው እጅና በሰው አፍ ነው።

ይህ ቤት ሲፈርስም ታሪክ አለው። በ1978 ዓ.ም. በስፋት የተጀመረው የመንደር ምሥረታ ዘመቻ ጎጃምንም አልዘለለም። በዚያ ዘመን ብዙ ገበሬ ተበታትኖ ከሚኖርበት ማሳው ዳር ተነሥቶ በተቀየሰ መስመር እንዲሰፍር ተደረገ። በየካቲት 1982 ዓ.ም. መንግሥት የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲን ሲያውጅ፣ በብዙ ስፍራ ገበሬው መንደሩን ትቶ ወደ ቀድሞ ቦታው ተመለሰ። በጠፍር የታሰረ ቤት ይፈታል፤ እንጨቱና ቀርቀሃው ተሸክመውት ሊሄዱ ይችላሉ። ጓሮውን፣ ጎረቤቱንና የከብቱን መዋያ ግን በሸክም ማዛወር አይቻልም። ገበሬው የተመለሰው ወደ ግድግዳው ሳይሆን ወደነዚህ ነበር።

ሕንፃና ኑሮ በአንድ ስም መጠራታቸው የእኛ ብቻ አይደለም። በቱርክ አገር በባሕላዊው ቤት ክፍሎች ፊት ለፊት ያለው፣ በአንድ በኩል ክፍት የሆነው ሰፊ ሰገነት «ሐያት» ይባላል። ቃሉ ከዐረብኛ የተወረሰ ሲሆን ትርጉሙ ሕይወት ነው፤ ከእኛው «ሕይወት» ጋርም ሥሩ አንድ ነው። የቤት ሥራው፣ ጨዋታው፣ የበጋው ማረፊያ እዚያ ነበርና ስሙ ተገቢ ነው። ክፍሎቹ እያንዳንዳቸው በራሳቸው ቤት ነበሩ። በመስኮቱ ሥር ከግድግዳው ጋር የተሠራ መቀመጫ አለ፤ ሌሊት ፍራሹ ይነጠፋል፣ ጠዋት ታጥፎ ቁም ሣጥን ይገባል። የእኛ መደብ የቅርብ ዘመድ አይመስልም? ሰዳድ ኤልደም የተባለው ቱርካዊ አርክቴክት እ.ኤ.አ. በ1954 ባሳተመው መጽሐፍ እነዚህን ቤቶች ሲመድብ፣ መለያ ያደረገው የፊት ለፊት ውበታቸውን ሳይሆን ክፍሎቹን የሚያገናኘውን ይህን የጋራ ስፍራ ነበር። ሳፍራንቦሉ የተባለችው ከተማም እ.ኤ.አ. በ1994 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበች።

በአገራችንም የሐረር ጁገል በ2006 እ.ኤ.አ. ተመዝግቧል። ባለ አምስት መደቡ የሐረሪ ቤት እንግዳና ባለቤት፣ ታላቅና ታናሽ የት እንደሚቀመጡ በደረጃው ይናገራል። በደቡብ የዶርዜ ሰዎች ከዚሁ ከደጋው ቀርቀሃ የሚሠሩት ረጅም ቤት ጎብኚ ይጠራል። የአዊው ቤት ግን እስካሁን እንዲህ ያለ ዝና አላገኘም።

እርሱ ዝናውን ሳያገኝ ቆርቆሮ ቀደመው። ባለፉት ሠላሳ ዓመታት በተለይ በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ወረዳዎች ገበሬው አካሽያ ዲከረንስ የተባለውን ዛፍ በማሳው እየተከለ፣ ከሰል እያከሰለ ወደ ከተማ መሸጥ ጀመረ። ከሰሉ ገንዘብ ሆነ፤ ለብዙዎችም ገንዘቡ ቆርቆሮ ሆኖ ጣራ ላይ ወጣ። ይህን መውቀስ ከከተማ ሆኖ ማላገጥ ነው። ያ የምናደንቀው ጭስ ቀርቀሃውን ሲያድን የእናቶችን ዓይንና ሳንባ ይጎዳ ነበር። የሣር ጣራ በየጊዜው መታደስ ይፈልጋል፤ እሳት ሲነሣበት አንድ ቤት ብቻ በልቶ አይተውም። ከከብት ጋር ማደርም በሽታ አለው። ቆርቆሮ ያገባች ሴት «ድሮ ይሻል ነበር» እንድትል መጠበቅ የለብንም።

ቢሆንም የሚታይ ለውጥ አለ። ማድ ቤቱ ለብቻው ሲሠራ ዋናው ቤት ጭስ ያጣል፤ ጭስ ያጣ ቀርቀሃ ደግሞ ነቀዝ ይገባዋል። ስለዚህ ቀርቀሃው ለባሕር ዛፍ ቦታውን ይለቃል። ቆርቆሮ ምስማርና አናጢ ይፈልጋል፤ አናጢው ደግሞ በገንዘብ ይቀጠራል። ሃያ ሰው ይጠራበት የነበረው የጣራ ቀን፣ አናጢና ረዳቱ የሚጨርሱት ሥራ ይሆናል። ቤቱ ጠንክሯል፤ የጎረቤት ዕዳ ግን ቀንሷል። ያ ዕዳ ደግሞ ለሠርግም፣ ለልቅሶም፣ ለአዝመራም ሰውን የሚያገናኝ ዕዳ ነበር።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ገበሬውን በሣር ቤት ኑርልን ማለት አይቻልም። ባዶ የሣር ቤት ሠርቶ ለጎብኚ ማቆምም ብዙ አያዋጣም፤ እሳት የማይነድበትን ቤት ነቀዝ እንደሚጨርሰው አይተናል። የሚቻለውና የሚቸኩለው ሌላ ነው። የዚህ ቤት እያንዳንዱ ክፍል፣ እያንዳንዱ አስተሳሰር፣ የቀርቀሃው ዕድሜ መለያ ሁሉ በአዊኛ ስም አለው። አዊኛ ደግሞ ዛሬ በትምህርት ቤት የሚሰጥ ቋንቋ ነው። ተማሪዎች ከአያቶቻቸው ዘንድ ሄደው እነዚህን ቃላት ከነአሠራራቸው ቢጽፉ፣ ሰገነት የሌለው ሙዚየም ይሆናል። አዲሱንም ቤት የሚሠራ ሰው ከዚያ የሚወስደው አያጣም፤ የታከመ ቀርቀሃ ያለ ጭስ መቆየት እንደሚችል ዛሬ በዓለም የታወቀ ነው።

የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ስለ ዘለቀ፣ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ፈረስና ፈረሰኛ በክብር ይታያሉ። የጦር ሜዳው ፈረስ ዘመኑ ካለፈ በኋላ እንኳ አስታዋሽ አግኝቷል። ያ ፈረስ ያደረበት፣ ያ ፈረሰኛ ተወልዶ ያደገበት ቤትም አስታዋሽ ቢያገኝ አይበዛበትም። እስከዚያው ድረስ አራተኛ ፎቅ ላይ «እምቦሳ እሰሩ!» ሲሉን፣ የምናስራት ጥጃ ከየት እንደመጣች ብናውቅ ደግ ነው።