ደሴት የነበረው ገዳም

ከቢስቲማ ተነስቶ ሐይቅ የደረሰ ወንድ እስጢፋኖስ ገዳም በእግሩ ይገባል (ሴት አይፈቀድላትም)። ፖርቱጋላዊው አልቫሬዝ በ1520 እ.ኤ.አ. ሲያልፍ ግን ገዳሙ ደሴት ላይ ነበር። ውሃው ሸሽቶ ደሴቱን ከየብስ አጋባው።

ጥፋቱን ሁሉ በሞተር ፓምፕ አላሳብብም። ሐይቁ ግን በገጸ ምድር መውጫ የለውም፤ ውሃው የሚጎድለው በትነትና ወደ መሬት በመስረግ ነው። ስለዚህ ዳርቻው ሲሸሽ የከርሰ ምድሩም ነገር ያሳስባል።

ሐረማያን አስቡት እስቲ! ለሐረር መጠጥ፣ ለጫትና ለአትክልት ሲቀዳ ኖሮ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ደረቀ፤ በኋላ ጥቂት ውሃ ቢመለስለትም። ገበሬውም የከርሰ ምድሩን ውሃ በጉድጓድ ተከተለው።

ለወረባቦ ገበሬ ይህ ተረት አይደለም። የጉድጓድ ውሃ መለካት እኮ ተራ ሥራ ነው፦ ገመድ፣ ሜትር፣ ደብተር፤ በየወሩ፣ በክረምትም በበጋም፣ ሞተሩ ሳይነሳ በፊት።