ማስታወቅና ማስፈቀድ፦ የፈረንሳይ የቤት ውስጥ ትምህርት ሕግ ታሪክ

በፈረንሳይ አገር የአንደኛ ደረጃ ትምህርትን ግዴታ ያደረገው ሕግ የወጣው በአውሮፓ አቆጣጠር ማርች 28 ቀን 1882 ነው (በዚህ ጽሑፍ ዘመናቱ ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው)። ሕጉ በወቅቱ የትምህርት ሚኒስትር በነበረው በዡል ፌሪ ስም ይጠራል። ብዙ ሰው ይህን ሕግ ልጆችን ሁሉ ትምህርት ቤት ያስገባ አድርጎ ይቆጥረዋል። ቃሉን ቀረብ ብሎ የመረመረ ግን ሌላ ነገር ያገኛል። ከስድስት እስከ አሥራ ሦስት ዓመት ዕድሜ ለሆናቸው ወንዶችና ሴቶች ልጆች ግዴታ የተደረገው ትምህርት እንጂ ትምህርት ቤት አይደለም። ትምህርቱ በመንግሥት ወይም በግል ትምህርት ቤት፣ አለዚያም በቤት ውስጥ በራሱ በአባትየው ወይም እሱ በመረጠው ሰው ሊሰጥ ይችላል።

ይህ በር ሳይዘጋ የቀረው በቸልታ አይመስልም። ሪፑብሊኩ በዚያን ጊዜ ከካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጋር ብርቱ ትግል ላይ ነበረ፤ ይኸው ሕግም የሃይማኖትን ትምህርት ከመንግሥት ትምህርት ቤቶች አስወጥቶታል። መንግሥት ልጅን ከአባቱ እጅ ሊነጥቅ ነው የሚለው ክስ ከየአቅጣጫው ይሰማ ነበር። በዚያ ላይ መኳንንቱና ባለጸጋው ልጆቻቸውን በሞግዚትና በቤት አስተማሪ የማሳደግ የቆየ ልማድ ነበራቸው።

ነፃነቱ ግን ሥርዓት ነበረው። ልጁን በቤቱ ለማስተማር የፈለገ ሰው ትምህርት ከመከፈቱ ቢያንስ 15 ቀን አስቀድሞ ለኮሚዩኑ ከንቲባ ማስታወቅ ነበረበት። ኮሚዩን ማለት ትልቅ ከተማም ሆነ ትንሽ የገጠር መንደር የራሱ ምክር ቤትና ማዘጋጃ ቤት ያለው የመጨረሻው የአስተዳደር እርከን ነው። ከንቲባው ለትምህርት የደረሱትን ልጆች ስም በየዓመቱ ይዘረዝራል፤ ሳያስታውቅ የቀረ አባት ቢኖር ልጁን በመንግሥት ትምህርት ቤት በራሱ ሥልጣን ይመዘግብና ለአባትየው ይነግረዋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። አባት ያስታውቃል እንጂ አያስፈቅድም። ከንቲባው የተነገረውን ተቀብሎ ይመዘግባል፤ እምቢ የማለት ሥልጣን ግን አልተሰጠውም።

ቁጥጥሩ የሚመጣው በኋላ ነው። በቤቱ የሚማር ልጅ ከግዴታው ሁለተኛ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ በየዓመቱ በፈታኞች ፊት ይቀርባል። ለሴቶች ልጆች ፈተና ከፈታኞቹ መካከል የማስተማር የምስክር ወረቀት ያላት ሴት እንድትኖር ሕጉ ያዛል። ውጤቱ ዝቅተኛ ሆኖ በቂ ምክንያት ካልቀረበ፣ ውሳኔው በደረሰው በስምንት ቀን ውስጥ አባት ልጁን ትምህርት ቤት ማስገባት አለበት። ትምህርት ቤት ገብቶ የሚቀር ልጅ አባትም ቢሆን አይታለፍም፤ መጀመሪያ ማዘጋጃ ቤት ተጠርቶ ይመከራል። በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ ጥፋቱ ከተደገመ ስሙ ከነጥፋቱ ለ15 ቀን ወይም ለአንድ ወር በማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ይለጠፋል። ልጁን ለአጨዳ ያስቀረ ገበሬ፣ ሁሉም ሁሉን በሚያውቅበት መንደር፣ በዚያ በር ፊት ሲያልፍ ምን ይሰማው እንደነበር መገመት አያዳግትም።

በቤት ውስጥ ትምህርት ስማቸው የተጠራ ሰዎች አሉ። በ1907 ገደማ ማሪ ኩሪና የሳይንስ ባልደረቦቿ ልጆቻቸውን በየተራ ለማስተማር ተባበሩ፤ እሷ ፊዚክስ፣ ዣን ፔረን ኬሚስትሪ፣ ፖል ላንዥቨን ሒሳብ ያስተምሩ ነበር። ከተማሪዎቹ አንዷ ልጇ ኢሬን በ1935 ከባለቤቷ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለች። ደራሲዋ ማርግሪት ዩርስናርም ትምህርት ቤት ሳትገባ ከአባቷና ከቤት አስተማሪዎች ተምራ፣ በ1980 ለፈረንሳይ አካዳሚ የመጀመሪያዋ ሴት አባል ሆና ተመረጠች። ይሁን እንጂ እነዚህ መጽሐፍ በሞላበት ቤት ያደጉ ናቸው። የአጫጁ ልጅ ቤት ቢቀር የሚያስተምረው አልነበረም፤ ለእሱ በሩን የከፈተለት ትምህርት ቤቱ ነው።

የግዴታው ዕድሜ በ1936 ወደ አሥራ አራት፣ በ1959 ወደ አሥራ ስድስት ከፍ አለ። በ1998 ስውር የሃይማኖት ቡድኖች ልጆችን ይደብቃሉ በሚል ስጋት ቁጥጥሩ ተጠናከረ። በ2019 ደግሞ ግዴታው ከሦስት ዓመት እንዲጀምር ተደረገ። ማስታወቅ ግን ማስታወቅ እንደሆነ ቆየ።

ለውጡ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በኦክቶበር 2020 ፕሬዚዳንት ማክሮን፣ የሃይማኖት አክራሪነት ልጆችን ከሪፑብሊኩ እየነጠለ ነው በማለት፣ የቤት ውስጥ ትምህርትን በጥብቅ ለመገደብ ማሰባቸውን ገለጹ። ያን ጊዜ በቤት የሚማሩት ከ60,000 በላይ ነበሩ። በኦገስት 24 ቀን 2021 የወጣው ሕግ ከ2022 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ፈቃድን ግዴታ አደረገ። የሚፈቀድባቸው ምክንያቶች አራት ናቸው፤ ሕመም ወይም የአካል ጉዳት፣ ከፍተኛ የስፖርት ወይም የኪነ ጥበብ ልምምድ፣ የቤተሰቡ ከቦታ ቦታ መዘዋወር ወይም ከትምህርት ቤት መራቅ፣ እንዲሁም የልጁ የተለየ ሁኔታ። በዚህም የማስረዳቱ ሸክም ቦታ ለወጠ። ቀድሞ ልጁ አለመማሩን በፈተና ማሳየት የነበረበት መንግሥት ነበር፤ አሁን ገና ትምህርቱ ሳይጀመር ወላጅ ምክንያቱን ማስረዳት አለበት። ከዓለም ተነጥሎ የሚያድግ ልጅ መኖሩ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ለጥቂቶቹ ሲባል ሁሉም በአንድ ዓይን ታዩ።

ተቃዋሚዎች የ1882ቱን ሕግ ጠቅሰው ተከራከሩ። የሕገ መንግሥት ምክር ቤቱም በኦገስት 13 ቀን 2021 በሰጠው ውሳኔ ያንኑ ሕግ አንብቦ፣ የቤት ውስጥ ትምህርት የትምህርትን ግዴታ መፈጸሚያ አንዱ መንገድ ብቻ እንጂ ራሱን የቻለ መሠረታዊ ነፃነት አልነበረም አለ። ከንቲባው ዛሬም የልጆቹን ስም በየዓመቱ ይዘረዝራል። የፈቃዱ ማመልከቻ ግን ወደ መንደሩ ማዘጋጃ ቤት አይመጣም፤ ከማርች 1 እስከ ሜይ 31 ባለው ጊዜ ለመንግሥቱ የትምህርት ባለሥልጣን ይላካል።