ኬላ ወይስ መሸጋገሪያ? የአንድ ስያሜ ታሪክ

ለአዲስ ነገር ስያሜ ከመምረጥ በፊት የነገሩን ሥራ መመርመር ይገባል። ሁለት የኮምፒዩተር መረቦች የሚገናኙበት መሣሪያ በእንግሊዝኛ «ጌትዌይ» ተብሏል። ተርጓሚ ቃሉን ብቻ ቢመለከት «በር» ወይም «ኬላ» ለማለት ይፈተናል። የትኛው እንደሚስማማ ለመለየት የስያሜውን ታሪክ በአጭሩ እንመለከታለን፤ ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቪንተን ሰርፍና ሮበርት ካን በ1974 ባሳተሙት ጥናት፣ መረቦች የውስጥ ሥርዓታቸውን ሳይለውጡ የሚገናኙበትን ዘዴ አቀረቡ። በዚህም መሠረት በድንበር የሚቆመው ጌትዌይ የመልእክቱን ጥቅል ይቀበላል፤ የመድረሻውን አድራሻ አንብቦ ቀጣዩን መረብ ይመርጣል፤ የመጣበትን መረብ መጠቅለያ ገፎ በቀጣዩ መረብ መጠቅለያ ያሳልፋል፤ ጥቅሉ ከቀጣዩ መረብ ዐቅም በላይ ቢሆን ከፋፍሎ ይልካል። በኅዳር 1977 በተደረገ ሙከራ መልእክቶች በዚህ ዘዴ የራዲዮ፣ የሳተላይትና የአርፓኔት መረቦችን አቋርጠዋል።

የዚህን ሥራ አምሳያ ከአገራችን ታሪክ ብንፈልግ በጎንደር የንግድ መንገዶች ላይ እናገኘዋለን። ከጎንደር አንደኛው መንገድ በደባርቅ አልፎ ሊማሊሞን ወርዶ፣ ተከዜን ተሻግሮ በዓድዋ በኩል ወደ ምጽዋ፣ ሌላው በመተማ ወደ ሱዳን ይወስድ ነበር። ኬላ ሲራራ ነጋዴው ቆሞ ቀረጥ የሚከፍልበት ቦታ ነው፤ ያስቆመዋል እንጂ መንገድ አይመርጥለትም። መተማ ግን በደጋው በቅሎና አህያ የመጣውን ቡናና ሰም የቆላው ግመል የሚረከብበት ገበያ ነበር። ዕቃው ያው ሆኖ ተሸካሚው ይለወጣል። ስለዚህ ጌትዌይ ከኬላ ይልቅ መተማን ይመስላል።

ዳሩ ግን የእንግሊዝኛው ቃል ራሱ በአንድ ፍቺ አልጸናም። ጥቅልን በአድራሻው እየመራ የሚያሳልፈው መሣሪያ ውሎ አድሮ «ራውተር» ሲባል፣ «ጌትዌይ» በተለይ ሥርዓታቸው የተለያየ መረቦችን ለሚያግባባው ቀረ። ለዚህም ምሳሌ ከአዲስ አበባ አለን። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የነበረው ፓዲስ፣ በፊዶኔት ሥርዓት የተጠራቀሙ መልእክቶችን በስልክ መስመር ለንደን ከሚገኘው ግሪንኔት ጋር ይለዋወጥ ነበር። የፊዶኔት አድራሻ ከኢንተርኔቱ ስለሚለይ፣ በመካከል የቆመው ጌትዌይ አድራሻውን ጭምር መለወጥ ነበረበት። በ1997 የኢንተርኔት አገልግሎት በአገራችን ሲጀመር ይህ ልዋጤ አስፈላጊነቱ እየቀረ ሄደ።

በመሆኑም ለጌትዌይ «መሸጋገሪያ»፣ ለራውተር «መንገድ መሪ» እንዲባል እናሳስባለን። «ኬላ» ደግሞ አላፊውን ፈትሾ ለሚያግደው «ፋየርዎል» ቢቀመጥ ከጥንት ፍቺው ጋር ይስማማል። ተርጓሚውም «ጌትዌይ» የሚል ጽሑፍ ሲያጋጥመው አስቀድሞ የተጻፈበትን ዓመት ይመልከት፤ የ1974ቱ ጌትዌይ ዛሬ መንገድ መሪ ነውና።