ባለጣሪያ መኪናን ወደ ክፍት መኪና መለወጥ

ባለጣሪያ መኪናን ወደ ክፍት መኪና መለወጥ ማለት ከፋብሪካ በብረት ጣሪያ የወጣ አሮጌ መኪና በሚታደስበት ጊዜ ጣሪያውን ቆርጦ በሚታጠፍ ሸራ መተካት ነው። ሥራው በብዛት የሚታየው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በተሠሩ የአሜሪካና የአውሮፓ መኪናዎች ላይ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ክፍት መኪናዎች በቁጥር ጥቂት ስለነበሩ ዛሬ ዋጋቸው ውድ ነው። ለምሳሌ 680,000 ያህል ከሚሆኑት የ1965 ሞዴል ፎርድ ሙስታንግ መኪናዎች ውስጥ ክፍቶቹ 100,000 ገደማ ብቻ ነበሩ።

የጣሪያው ጥቅም

ጣሪያ ዝናብና ፀሐይ ብቻ የሚከላከል ይመስላል። ነገር ግን ራሱን የቻለ ሻንሲ በሌለው መኪና፣ ለምሳሌ በሙስታንግ፣ ቦዲው ራሱ የመኪናው አጽም ነው። ጣሪያው፣ ምሰሶዎቹና ወለሉ ተያይዘው የሞተሩንና የተሳፋሪዎቹን ክብደት ይሸከማሉ። ክዳኑ የተለጠፈበት የጫማ ካርቶን በቀላሉ አይጠመዘዝም፤ ክዳኑ ሲነሳ ግን ያለ ጉልበት ይጣመማል። ጣሪያው ብቻ የተቆረጠ መኪናም እንዲሁ ነው፦ መሃሉ ወደ ታች ይሰምጣል፣ በሮቹ አልከፈት ወይም አልዘጋ ይላሉ፣ ጎማው ጉድጓድ ሲመታ የፊት መስታወቱና ዳሽቦርዱ ይንቀጠቀጣሉ።

ስለዚህ ፎርድ ክፍቱን ሙስታንግ ሲሠራ ጣሪያውን በማንሳት ብቻ አላበቃም። ከበሮቹ ሥር የሚያልፉትን የጎን ተሸካሚዎች በወፍራም ላሜራ አጠናከረ፤ ከፊት ወንበሮች ሥርም ተጨማሪ ብረት አስገባ። ከ1955 እስከ 1957 የተሠራው ሸቭሮሌት ቤል ኤር የራሱ ሻንሲ ያለው መኪና ነው። ያም ሆኖ የክፍቱ ሻንሲ መሃል ላይ በባለጣሪያው የማይገኝ የመስቀል ቅርጽ ያለው ብረት ተጨምሮበታል። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ለረጅም ዘመን የታወቀው ቮልስዋገን ቢትልም ከ1949 እስከ 1980 በጀርመኑ ካርማን ፋብሪካ በክፍት ዓይነት ሲሠራ ከበሮቹ ሥር ማጠናከሪያ ገብቶለታል።

አሠራር

ዋናው ሕግ መጀመሪያ ማጠናከር፣ በመጨረሻ መቁረጥ ነው። ዝገት የበላው የጎን ተሸካሚ ላይ ማጠናከሪያ መበየድ ዋጋ የለውም፤ አስቀድሞ በአዲስ ብረት መተካት አለበት። ከዚያ መኪናው በተስተካከለ መደብ ላይ በልኩ ይቀመጣል። በየበሩ ክፍተት ጊዜያዊ የብረት ድጋፍ ይበየዳል፤ የበሮቹ ዙሪያ ክፍተትም ይለካል። ይህ ልኬት ቀላል ቢመስልም ብዙ ነገር ይናገራል፤ ከተቆረጠ በኋላ በበሩ አናት ላይ ያለው ክፍተት ጥቂት ሚሊሜትር እንኳ ከጠበበ ወለሉ መስመጥ ጀምሯል ማለት ነው። መኪናውን ሁለት ጫፎቹ ላይ ብቻ በክሪክ አንስቶ መቁረጥ ትልቅ ስሕተት ነው፤ መሃሉ በራሱ ክብደት ይጎብጣልና።

የፊት መስታወቱ ፍሬም አይነካም፤ እንዲያውም ይጠናከራል። መኪናው ቢገለበጥ ከተሳፋሪዎቹ ራስ በላይ የሚቀረው ብረት እሱ ብቻ ነው፤ የሸራው አጥንቶች ለዚህ ተብለው የተሠሩ አይደሉም። ከዚህ ሌላ የጎን መስታወቶች ያለ ጣሪያ ድጋፍ እንዲቆሙ መደረግ አለባቸው፤ ከኋላ ወንበር ጀርባም ለሚታጠፈው ሸራ ቦታ ይዘጋጃል። ብዙ ባለሙያዎች እነዚህን ክፍሎች ከባዶ ከመሥራት ይልቅ የተጎዳ ክፍት መኪና ገዝተው ከእሱ ይፈታሉ። ሸራውን ማልበስ ከሥራው ሁሉ ቀላሉ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ማንነትና ዋጋ

የተለወጠ መኪና በሻንሲ ቁጥሩ ይታወቃል። በ1965 እና በ1966 ሙስታንግ ቁጥር ውስጥ ሦስተኛውና አራተኛው ምልክት 07 ከሆነ መኪናው ከፋብሪካ በብረት ጣሪያ ወጥቷል፤ 08 ከሆነ ክፍት ነበር። 07 ቁጥር ያለው ክፍት ሙስታንግ፣ ሻጩ ምንም ቢል፣ የፋብሪካ ክፍት አይደለም።

በዚህ ረገድ የታወቀው ምሳሌ ዴይቶና የሚባለው ፌራሪ 365 ጂቲቢ/4 ነው። በ1968 በፓሪስ የመኪና ትርኢት ቀርቦ እስከ 1973 ተሠራ። ባለጣሪያዎቹ ከ1,200 በላይ ሲሆኑ ፋብሪካው የሠራቸው ክፍቶች ግን 120 ያህል ብቻ ናቸው። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ብዙ ባለቤቶች ይህን የዋጋ ልዩነት አይተው የባለጣሪያዎቹን ጣሪያ አስቆረጡ። ዛሬ ሰብሳቢዎች የሻንሲ ቁጥሩን ከፋብሪካው መዝገብ ጋር ስለሚያመሳክሩ የተቆረጠው ዴይቶና፣ ሥራው የቱንም ያህል ቢያምር፣ ከፋብሪካው ክፍት መኪና በእጅጉ ባነሰ ዋጋ ይሸጣል።