የስድስት ዶላሩ ድርሻ፦ ድርቅ፣ ዕዳና የመንግሥት ክፍያ በሲማሮን አውራጃ

በዩናይትድ ስቴትስ፣ በኦክላሆማ ግዛት ምዕራባዊ ጫፍ የሚገኘው የሲማሮን አውራጃ ከአራት ሌሎች ግዛቶች ጋር የሚዋሰን፣ ነፋስ የማይለየው ሜዳ ነው። ዋና ከተማውም ቦይስ ሲቲ ይባላል። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ በስንዴ ዋጋ የተሳቡ ገበሬዎች የሣር ምድሩን በትራክተር ገለበጡት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1930ዎቹ መጀመሪያ ዝናብ ሲጠፋ ግን፣ የሚይዘው ሥር ያጣው አፈር በነፋስ እየተነሣ ሰማዩን አጨለመው።

በ1934 ድርቁ ሲጸና ግጦሹ ነደደ፤ የከብት ዋጋም ወደቀ። ባለከብቱ መኖ ገዝቶ እንዳያበላ ገንዘብ አልነበረውም፤ ሸጦ እንዳይገላገል ገበያው አይቀበለውም። በዚህም ላይ ብዙው ከብት ለብድር መያዣ ሆኖ የተመዘገበ ስለነበር፣ ቢሸጥ እንኳ ዋጋው የሚገባው ከአበዳሪው እጅ ነበር።

የአገሪቱ ምክር ቤት በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ለድርቅ መቋቋሚያ 525 ሚሊዮን ዶላር ፈቀደ። መንግሥትም ድርቅ የጸናባቸውን ወረዳዎች የአስቸኳይ ጊዜ አውራጃ እያለ በመሰየም ከብት መግዛት ጀመረ። የቀረበው ከብት ተመርምሮ ዋጋ ይተመንለታል፤ ለመብል የማይበቃው ይገደላል፤ የቀረው ሥጋው ለችግረኛ ቤተሰቦች እንዲታደል ይላካል። በመጀመሪያው ጊዜ በእነዚህ አውራጃዎች ከተገዛው ውስጥ ከግማሽ የሚበልጠው ለመብል የማይበቃ ነበር። ያሳደጋቸው ላሞች በደጁ ሲገደሉ ቆሞ ማየት ለገበሬው መራራ ነበር፤ ሆኖም በረሃብ ቀስ በቀስ ሲያልቁ ከማየት ይሻል ነበር። በ1935 መጀመሪያ ግዥው ሲያበቃ በመላ አገሪቱ ከስምንት ሚሊዮን የሚበልጥ ከብት ተገዝቶ፣ ወደ 111 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሏል።

የዚህ ሥራ ዋና ቁም ነገር ግን ከጠቅላላው ድምር ይልቅ በአከፋፈሉ ላይ ይገኛል። ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነው ከብት የሚከፈለው ከ12 እስከ 20 ዶላር ሲሆን፣ ገንዘቡ በሁለት ይከፈል ነበር። አንደኛው የግዥ ዋጋ ነው፤ በዚህ ላይ ባለመያዣው አበዳሪ መብት ነበረው። ሁለተኛው የድጋፍ ክፍያ ነው፤ ይህ 6 ዶላር ለገበሬው ብቻ የሚሰጥ፣ አበዳሪ የማይነካው ገንዘብ ነበር። ከብቱ ቢወፍርም ቢከሳም 6 ዶላሩ አይለወጥም ነበርና፣ ደህና ከብት ላቀረበ ሰው ከዋጋው ከሲሶ ያነሰ ሲሆን፣ አጥንቱ የቀረ ከብት ላቀረበው ግን እኩሌታው ነበር። ስለዚህ ይበልጥ የተጎዳው ገበሬ ከተከፈለው ውስጥ የሚደርሰው እጅ ከፍ ያለ ሆነ። ይህ ባይደረግ ኖሮ የድርቁ ክፍያ በገበሬው ስም ወጥቶ የአበዳሪውን መዝገብ ብቻ ባቃለለ ነበር።

ይሁን እንጂ ደንቡ ጉድለት ነበረው። ክፍያው በከብት ቁጥር ስለነበረ ብዙ ያለው ብዙ አገኘ፤ ስንዴ ብቻ የሚያርስ ገበሬ ግን ከዚህ ክፍያ የሚደርሰው አልነበረም። ለስንዴ የሰብል መድን በሕግ የተቋቋመው በ1938 ነው። እስከዚያ ድረስ ብዙዎች አገሩን ለቅቀው ሄደዋል፤ በ1930 ከ5,400 ይበልጥ የነበረው የሲማሮን ሕዝብ በ1940 ወደ 3,650 ገደማ ወርዶ ተቆጥሯል።

እንግዲህ የአደጋ ክፍያ የሚመዘነው በተመደበው ገንዘብ ብዛት ብቻ አይደለም። ገንዘቡ ከግምጃ ቤት ወጥቶ ጉዳት ወደ ደረሰበት ቤት እስኪገባ ድረስ በስንት እጅ እንደሚያልፍ፣ ከእነዚያም እጆች የትኛው በሕግ ሊያስቀረው እንደሚችል አስቀድሞ መታሰብ አለበት። በ1934 ደንቡን የጻፉት ሰዎች ይህን ለባለከብቱ አሰቡለት፤ ከብት ለሌለው ጎረቤቱ ግን አላሰቡለትም።